ኤሌክትሪኩ ከአውቶብሱ ይጀምር

አዲስ አበባ ውስጥ የኤሌክትሪክ መኪና ብርቅ መሆኑ ከቀረ ቆየ። ቦሌም፣ ሲኤምሲም፣ ገርጂም ኮሽ ሳይሉ ሹልክ የሚሉ የቻይና አውቶሞቢሎች ሞልተዋል። መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ይፋ ካደረገ ወዲህ የመኪና ገበያው መልኩን ቀይሯል። እንዲህ ዓይነት እገዳ በማውጣት ኢትዮጵያን የቀደመ አገር የለም። ከዚያ በፊትም የኤሌክትሪክ መኪና ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይዝና ከሱር ታክስ ነፃ ተደርጎ ነበር። የጉምሩክ ቀረጡም ተገጣጥሞ ለመጣው 15 በመቶ፣ በከፊል ለተገጣጠመው 5 በመቶ፣ ተበትኖ ለመጣው ዜሮ እንዲሆን ተወስኗል።

ይሁን። ግን ወሬያችን ሁሉ በቤት መኪና ላይ ቀረ። ስለ ዋጋው፣ ስለ ባትሪው፣ አንዴ ሞልቶ ሐዋሳ ያደርሳል ወይ ስለሚለው ስንከራከር ዋናውን አለፍነው። ናፍጣውን የሚጨርሰው የቤት መኪና አይደለም። አውቶብሱ ነው፣ ሲኖትራኩ ነው፣ ተሳቢው ነው።

ሒሳቡን እንሥራው። አንድ የቤት መኪና በቀን 40 ኪሎ ሜትር ቢሄድ፣ በ100 ኪሎ ሜትር 8 ሊትር ቢጠጣ፣ በቀን የሚያቃጥለው 3 ሊትር ከምናምን ነው። ትልቅ የከተማ አውቶብስ ከንጋት እስከ ምሽት ሲመላለስ 200 ኪሎ ሜትር ይሄዳል እንበል። በ100 ኪሎ ሜትር 40 ሊትር ቢጠጣ በቀን 80 ሊትር ናፍጣ ነው። ስለዚህ አንድ አውቶብስ ወደ ኤሌክትሪክ መለወጥ 25 አውቶሞቢሎችን እንደመለወጥ ነው። በዓመት 300 ቀን ቢሠራ 24,000 ሊትር ያድናል። ያንኑ 200 ኪሎ ሜትር በኤሌክትሪክ ለመሄድ የሚያስፈልገው ወደ 240 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ይህን ደግሞ የራሳችን ወንዝ ይሰጠናል።

ኢትዮጵያ ለነዳጅ ግዢ በዓመት 4 ቢሊዮን ዶላር አካባቢ ታወጣለች። ነዳጁ ከጅቡቲ በቦቴ ተጭኖ ነው የሚመጣው። ናፍጣ ለማምጣት ራሱ ናፍጣ ይቃጠላል። በሌላ በኩል ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። ማታ ከ4 ሰዓት በኋላ ከተማው ሲተኛ የኃይል ፍላጎቱ ይወርዳል። አውቶብሱም የሚቆመው ያኔ ነው። እንዲህ የተገጣጠመ ነገር ብዙ አገር አያገኝም።

አገራችን ለአውቶብሱ የምትመች ሆና ሳለ ይህንን የሚያነሳ ሰው አለመብዛቱ ያስቆጨኛል። መጀመሪያ ከፍታውን እንይ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ነች። አየሩ ስስ ስለሆነ የናፍጣ ሞተር በቂ ኦክስጅን አያገኝም። ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ነዳጁም በደንብ አይቃጠልም። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ የሚወጣ አሮጌ አውቶብስ ጥቁር ጭሱን ከኋላው ለሚሄደው ሰው የሚያለብሰው አንዱ በዚህ ምክንያት ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አየር አይፈልግም። ባሕር ዳርቻ ላይ ያለውን ጉልበት እንጦጦ ላይም አይቀንስም።

ቁልቁለቱስ? የናፍጣ አውቶብስ ሲወርድ ያን ሁሉ ክብደት የሚይዘው በፍሬን ነው። የወጣበት ጉልበት ሙቀት ሆኖ ይጠፋል፣ የፍሬን ሸራውም ያልቃል። የኤሌክትሪኩ ሲወርድ ሞተሩ ወደ ጄኔሬተርነት ይለወጥና ባትሪውን መልሶ ይሞላል። ይህ እስከ ምን ድረስ እንደሚሄድ ለማየት ስዊዘርላንድ ውስጥ ቢል ከተማ አጠገብ የሚሠራውን የድንጋይ ማውጫ መኪና መመልከት ነው። ባለ 600 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ግዙፍ ገልባጭ ነው። 65 ቶን የሲሚንቶ ድንጋይ ጭኖ ቁልቁል ይወርዳል፣ ባዶውን ይወጣል። ተጭኖ ሲወርድ የሚያመነጨው ኃይል ባዶውን ለመውጣት ከሞላ ጎደል ይበቃዋል። አዲስ አበባም ለባትሪ ደግ ናት። ባትሪ የሚፈራው ብርድና ሐሩር ነው። እኛ ጋ ሁለቱም በልክ ናቸው።

ታዲያ ምን ያዘን? መልሱን ለማግኘት የቀደሙንን ማየት ይሻላል።

ሼንዘን የሚባለው የደቡብ ቻይና ከተማ እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ 16,359 አውቶብሶቹን በሙሉ ኤሌክትሪክ አደረገ። በዓለም የመጀመሪያው ነው። አውቶብሶቹ ከከተማው ተሽከርካሪዎች 0.5 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከትራንስፖርት የሚወጣው ብክለት ግን 20 በመቶው የእነሱ ነበር። ሼንዘን በአንድ ሌሊት እዚያ አልደረሰም። እ.ኤ.አ. በ2009 ጥቂት ለሙከራ ገቡ፣ ቀስ በቀስም በዙ። ማዕከላዊው መንግሥትና ከተማው ከፍተኛ ድጎማ ሰጡ። ከሁሉ በላይ ትኩረት የሚገባው ግን ውሉ ነው። ፋብሪካው ለባትሪውና ለዋና ዋና ክፍሎቹ የ8 ዓመት ዋስትና እንዲሰጥ ተደረገ። አውቶብሱ በከተማው የሚያገለግለውም ለዚያው ያህል ዓመት ነው። ስለዚህ ባትሪው ቢሞት ኪሳራው የፋብሪካው እንጂ የአውቶብስ ድርጅቱ አይደለም።

ያኔ ባትሪ ውድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 አካባቢ የአንድ ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ዋጋ ከ1,000 ዶላር በላይ ነበር። የብሉምበርግ የኃይል ተመራማሪዎች በ2024 አማካዩ ወደ 115 ዶላር ወርዷል ይላሉ። የአውቶብሱ ዋጋም በዚያው ልክ እየወረደ ነው። እንዲያም ሆኖ የኤሌክትሪክ አውቶብስ ሲገዛ በብዙ ገበያ ከናፍጣው እጥፍ ገደማ ያስወጣል። ትርፉ የሚመጣው በኋላ ነው፣ ከነዳጁና ከጥገናው። እዚህ ላይ ነው ድሃ ከተማ የሚቸገረው። ነገ እንደሚያተርፍ ቢያውቅም ዛሬ የሚከፍለው የለውም። በዚያ ላይ አውቶብሱ በዶላር ይገዛል፣ ታሪፉ በብር ይሰበሰባል። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ይህ ክፍተት ምን ያህል እንደሰፋ ለአስመጪ ማስረዳት አያስፈልግም። አንድ ነገር ግን እንጨምርበት። የአውቶብሱ ዶላር አንዴ ይወጣል። የናፍጣው ዶላር በየቀኑ ይወጣል፣ ለአሥራ ምናምን ዓመት።

የቺሊዋ ሳንቲያጎ ይህን ችግር የፈታችበት መንገድ ቀላል ነው። አውቶብሱን የሚያሽከረክረው ድርጅት እንዲገዛው አላስገደደችም። እንደ ኤኔልና ኤንዢ ያሉ የኃይል ኩባንያዎች አውቶብሱንና ቻርጀሩን ገዝተው በረጅም ጊዜ ኪራይ ሰጡ። ኪራዩ ከቲኬት ገንዘብና ከመንግሥት ክፍያ ላይ በቀጥታ ይቆረጣል። አንቀሳቃሹ ቢከስር አውቶብሱ ለሌላ አንቀሳቃሽ ይተላለፋል እንጂ ጋራዥ ውስጥ አይበሰብስም። አበዳሪውም ስጋቱ ስለሚቀንስ ወለዱን ቀነስ ያደርጋል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2018 በ100 አውቶብሶች ጀምረው በጥቂት ዓመታት ከ2,000 አለፉ።

ናይሮቢ ደግሞ ለእኛ ይበልጥ ትቀርባለች። እዚያ ትራንስፖርቱ በአብዛኛው የግለሰቦች ነው፣ ልክ እንደኛ ሚኒባስ። ባሲጎ የተባለ ኩባንያ በ2022 አውቶብሶቹን መንገድ ላይ ሲያወጣ ባለንብረቱን የባትሪውን ዋጋ አላስከፈለውም። ባለንብረቱ ለአውቶብሱ ከናፍጣ አውቶብስ ጋር የሚቀራረብ ገንዘብ ይከፍላል። ባትሪው፣ ቻርጁና ጥገናው በኪሎ ሜትር ይታሰባል። መኪናው ካልሠራ አይከፍልም። ይህ የኛ ባለሚኒባስ ወዲያው የሚገባው አሠራር ነው። ዛሬም ሾፌሩ ማታ ገቢ ሲያስገባ የሚታሰበው እንዲሁ ነው፤ የናፍጣው ይነሳል፣ የረዳቱ ይነሳል፣ የቀረው የባለቤቱ።

እኛ ጋ ግን ባንክ ሄደህ የኤሌክትሪክ አውቶብስ ልግዛ ብትል ቤት አስይዝ ትባላለህ። አውቶብሱ ራሱ መያዣ እንዲሆን፣ የቲኬቱ ገቢም ለብድሩ ዋስትና እንዲሆን የሚያስችል አሠራር ካልተስፋፋ ቀረጥ መቀነሱ ብቻውን ሩቅ አይወስድም።

ሁለተኛው ማነቆ መብራቱ ነው። ሰው ይህን ሲሰማ ቶሎ የሚመጣለት «መብራት በየቀኑ እየጠፋ ምን ቻርጅ ይደረጋል?» የሚለው ነው። ጥያቄው ልክ ነው። ችግሩ ያለው ግን ማመንጫው ላይ አይደለም፣ ማከፋፈያው ላይ ነው።

አንድ የአውቶብስ ማደሪያ ግቢ በዓይነ ሕሊናችን እንይ። 100 አውቶብስ ማታ ይገባል። እያንዳንዱ 240 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል። በ8 ሰዓት ውስጥ ቀስ ብሎ ይሙላ ከተባለ ለአንዱ 30 ኪሎዋት ይበቃዋል። ለመቶው 3 ሜጋዋት ነው። ሁሉም ባለ 120 ኪሎዋት ፈጣን ቻርጀር ላይ በአንዴ ቢሰኩ ግን ግቢው 12 ሜጋዋት ይጠይቃል። ልዩነቱ አራት እጥፍ ነው። ለዚህ ነው ቻርጀሮቹን በተራ የሚያስገባው የኮምፒውተር ሥርዓት ከቻርጀሩ እኩል አስፈላጊ የሚሆነው። ሠፈራችን ውስጥ ምሰሶ ላይ ተሰቅሎ የምናየው ትራንስፎርመር ብዙ ጊዜ 315 ኬቪኤ ነው፤ ቢበዛ 0.3 ሜጋዋት ገደማ ይሸከማል ማለት ነው። ለቀስታውም ቢሆን እንዲህ ያለ አሥር ያህል ያስፈልጋል። ይህን ከሠፈሩ መስመር ላይ መቀጠል አይቻልም። ሠፈሩም ይጨልማል፣ አውቶብሱም ሳይሞላ ያድራል። ከማከፋፈያ ጣቢያ በቀጥታ ለግቢው ብቻ የሚመጣ መስመር መዘርጋት አለበት። ይህ ሥራ ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል። አውቶብሶቹ ከመርከብ ከወረዱ በኋላ ሳይሆን ጨረታው ሲወጣ አብሮ መጀመር ያለበት ነው።

ግማሽ ያህሉ ሕዝብ ገና መብራት ሳያገኝ ለአውቶብስ ኃይል መስጠት ፍትሐዊ ነው ወይ የሚል አለ። ከባድ ጥያቄ ነው። ለገጠሩ ያልደረሰው ኃይሉ ሳይሆን ምሰሶውና ሽቦው ነው፣ ሽቦው ደግሞ ገንዘብ ይፈልጋል። በሌሊት ብዙ ኃይል ገዝቶ ሒሳቡን በወቅቱ የሚከፍል ትልቅ ደንበኛ ለኤሌክትሪክ አገልግሎቱ ገቢ ነው። ገቢው ወደ ገጠር መስመር ይሂድ ብሎ መሟገት ደግሞ የኛ ድርሻ ነው።

አዲስ አበባ የኤሌክትሪክ አውቶብሶችን መንገድ ላይ ማውጣት ጀምራለች። የበላይነህ ክንዴ ግሩፕም የኤሌክትሪክ ሚኒባሶችን አገር ውስጥ መገጣጠም ጀምሯል። ደስ የሚል ነገር ነው። የሚያስፈራኝ ምርቃቱ ሳይሆን የምርቃቱ አምስተኛ ዓመት ነው።

ምክንያት አለኝ። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ከተማው ተደስቶ ነበር፣ ደስታውም ተገቢ ነበር። 34 ኪሎ ሜትር መስመር፣ 41 ባቡር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አብዛኞቹ ባቡሮች በመለዋወጫ እጥረት ቆሙ። ሐዲዱም አለ፣ መብራቱም አለ፣ የሚሠራው ባቡር ግን ጥቂት ሆነ። ተሳፋሪውም ወደ ታክሲ ሰልፉ ተመለሰ።

ሀብታም አገርም ከዚህ አያመልጥም። የአሜሪካዋ ፊላደልፊያ ፕሮቴራ ከተባለ ኩባንያ 25 የኤሌክትሪክ አውቶብሶች ገዝታ ነበር። አካላቸው ላይ ስንጥቅ ስለተገኘ በ2020 ሁሉም ከመንገድ ወጡ። ኩባንያው ራሱ በነሐሴ 2023 የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። ስለዚህ ከማን ተገዛ የሚለው ስንት ተገዛ ከሚለው አያንስም። የሼንዘኑ የ8 ዓመት ዋስትና፣ አዲስ አበባ ውስጥ የሚቀመጥ የመለዋወጫ ክምችት፣ 600 ቮልት ላይ ለመሥራት የሠለጠኑ የኛ መካኒኮች ውሉ ውስጥ መግባት አለባቸው። ለዘመናት ናፍጣ ፓምፕ ሲፈታ የኖረ መካኒክ እጁ ወርቅ ቢሆንም፣ ሳይሠለጥን ይህን ባትሪ ቢነካ ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል።

አሁን ወደ ከባድ መኪናው። እዚህ ላይ ነገሩ ይከብዳል።

ቻይና ውስጥ በ2024 ከ80,000 በላይ የኤሌክትሪክ ከባድ የጭነት መኪናዎች ተሸጡ። ከተሸጠው ሰባት ከባድ መኪና አንዱ ማለት ነው። በ2025 የመጀመሪያ አጋማሽ ከአምስቱ አንዱ ሆነ። ግን ብዙዎቹ የት ነው የሚሠሩት? ከወደብ ወደ መጋዘን፣ ከማዕድን ማውጫ ወደ ፋብሪካ፣ ከብረት ፋብሪካ ወደ ባቡር ጣቢያ። አጭርና የታወቀ መንገድ ነው። ከፊሎቹ ቻርጅ እስኪያደርጉ አይጠብቁም። 280 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ የሚይዘው ባትሪ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ወርዶ የሞላ ይገባል።

የጅቡቲ መንገድ እንዲህ አይደለም። ከጅቡቲ በጋላፊ፣ በሚሌ፣ በአዋሽ አዲስ አበባ ለመድረስ 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከባሕር ጠለል ተነስቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ይወጣል። የስዊዘርላንዱ መኪና ተጭኖ ወርዶ ባዶውን ይወጣል። የኛ ተሳቢ የተገላቢጦሽ ነው። ማዳበሪያውን፣ ስንዴውን፣ ብረቱን ጭኖ ይወጣል። ቡናና ሰሊጥ ይዞ የሚወርደው ከወጣው ክብደት ጋር አይወዳደርም፤ ብዙውም ባዶውን ነው የሚወርደው። 40 ቶን የሚመዝን መኪና ያን ከፍታ ለመውጣት ብቻ 250 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። የመንገዱ ርዝመት ራሱ ከ1,000 በላይ ይጨምርበታል። በአውሮፓ ገበያ ለረጅም መንገድ ታስቦ የተሠራው የመርሰዲሱ ኢአክትሮስ 600 ባትሪው 621 ኪሎዋት ሰዓት ነው፣ የሚሄደውም 500 ኪሎ ሜትር ያህል። እሱን ወስደን አፋር ሐሩር ውስጥ፣ ሚሌ ላይ ቻርጀር በሌለበት፣ እንዴት እናሽከረክረዋለን? ባትሪውን እናሳድግ ብንል ክብደቱ ብዙ ቶን ይጨምራል፣ ያ ደግሞ ከጭነቱ ይቀነሳል።

ስለዚህ ለጅቡቲ መንገድ የኤሌክትሪክ መኪና ገና ነው። የኤሌክትሪክ ባቡር ግን አለን። ከጥር 2018 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ጭነትና ተሳፋሪ የሚያመላልሰው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር 750 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት አለው፣ ባትሪም አይፈልግም። ኮንቴይነሩን ሞጆ ደረቅ ወደብ ያደርሰዋል። ከሞጆ አዲስ አበባ ደግሞ 75 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ አብዛኛውም ፈጣን መንገድ። ቻይናዎቹ ጋ የሚሠራው መኪና ለዚህ ልክ ነው። ጭኖ ወጥቶ፣ አራግፎ ወርዶ፣ ባትሪ ቀይሮ በቀን ደጋግሞ ሊመላለስ ይችላል። የሲሚንቶ ፋብሪካዎችና የድንጋይ ማውጫዎችም እንዲሁ ናቸው። መንገዱ ይታወቃል፣ መኪናው ማታ ግቢው ይመለሳል፣ ፋብሪካውም ትልቅ የኃይል መስመር ቀድሞ አለው።

አንድ የምንሸሸው ጉዳይ ቀርቶናል። መንግሥት ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ድጎማን ደረጃ በደረጃ ሲያነሳ፣ የሕዝብ ትራንስፖርቱን ግን በቴሌብር በኩል ለይቶ ደጉሟል። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፣ ታሪፍ በአንዴ እንዳይንር ነው። ግን ውጤቱን እንየው። የሚደጎመው ናፍጣው ነው። ባለንብረቱ አሮጌ ናፍጣ መኪናውን ይዞ ቢቆይ ይደጎማል፣ የኤሌክትሪክ ቢገዛ ድጎማው ይቀርበታል። ድጎማው በሊትር መሆኑ ቀርቶ በተጓዘው ኪሎ ሜትር ወይም በጫነው ሰው ቢሆን፣ ያው ገንዘብ የኤሌክትሪኩን አውቶብስ የወር ኪራይ ሊሸፍን ይችላል። መንገዱም ያግዛል። የሴኔጋሏ ዳካር በግንቦት 2024 (እ.ኤ.አ.) 18 ኪሎ ሜትር ተኩል በማይሞላ መስመር ላይ 121 ረጃጅም የኤሌክትሪክ አውቶብሶችን ስታሰማራ ለብቻቸው መንገድ ለይታ ሰጥታቸዋለች። አውቶብሱ መጨናነቅ ውስጥ ካልቆመ ብዙ ዙር ይሠራል፣ ብዙ ዙር ከሠራ ዕዳውን ቶሎ ይከፍላል።

እኛም የሚቀጥለው የአውቶብስ ግዢ ሲታወጅ ቁጥሩን ብቻ ሰምተን ባናልፍ ጥሩ ነው። ባትሪው ቢሞት ማን ይተካል? ማደሪያ ግቢው የራሱ መስመር መቼ ይገባለታል? መለዋወጫው የት ይቀመጣል? እነዚህን የትራንስፖርት ቢሮውንም፣ የምክር ቤት አባሉንም፣ አውቶብሱን የሚያስመጣውንም ሰው መጠየቅ የሚቻለው ፊርማው ሳይደርቅ ነው።